የሰሜን ተራሮች ቅርሶች በጥናት ጉባኤና በጨረታ ገበያ መካከል

በሰሜን ጎንደር ዞን በጃናሞራ ወረዳ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ የታወቀ ነው፡፡ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን በዚያው አካባቢ በተደረገ ጦርነት ድል ካደረጉ በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ የተቀቡት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው፡፡ ያሠሯት ደጃዝማች ውቤ ሲሆኑ፣ በግንባታው ላይ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ተሳትፏል፡፡ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያዘጋጇት ነበረች የሚለው ትውፊትም እስካሁን ይነገራል፡፡

የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክ፣ ሕንጻዎችና ንዋያተ ቅድሳት የሚዘረዝር መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ2013 በአውሮፓ ታትሟል፡፡ ጸሐፊዋ ዶሮቴያ ማክዩን በለንደን ዋርበርግ ተቋም የቤተ መዛግብት ኃላፊ የነበሩ ምሁር ናቸው፡፡ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ በጥቅምት 1986 የተካሄደውም በዚሁ ተቋም ነበር፡፡ ከደባርቅ ተነስቶ በመካነ ብርሃን በኩል ለሚጓዝ መንገደኛ አድካሚ የሆነችው ደረስጌ፣ ለንደን ለሚገኝ አንባቢ ከመደርደሪያ ላይ የምትወርድ መጽሐፍ ናት፡፡ ይህ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያስመሰግን ነው፡፡ ሊጤን የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፡፡ ምሁራን ስለ ሰሜን ቅርሶች የጻፉት ዝርዝር በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ በሰበካ ጉባኤውና በጉምሩክ ኬላው ምን ያህል ለሥራ ይውላል? ጥያቄው የገንዘብም የሕግም ጉዳይ በመሆኑ ለመንግሥት ሠራተኛው በቀጥታ የሚመለከተው ነው፡፡

ኢትዮጵያን የሚመለከቱ የጥናት ጉባኤዎች ረጅም ዕድሜ አላቸው፡፡ ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ እ.ኤ.አ በ1959 በሮም ተጀምሮ በማንቸስተርና በአዲስ አበባ ከቀጠለ በኋላ፣ በ2018 በመቀሌ፣ በ2022 ደግሞ ለ21ኛ ጊዜ በአዲስ አበባ ተካሂዷል፡፡ የሥነ ጥበቡ ጉባኤም ከለንደን በኋላ እ.ኤ.አ በ1990 በፖላንድ ኒየቦሩፍ፣ በ1993 እና በ2002 በአዲስ አበባ ተሰብስቧል፡፡ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በውጭው ዓለም ሌላ ዓይነት ጉባኤ ተጨምሯል፡፡ ጥናቱ በሥዕሉ ላይ ሳይሆን በሥዕሉ ዋጋ ላይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ2016 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ገበያ ጥናት ማኅበር ለዚህ ምሳሌ ሲሆን፣ በእንዲህ ያሉ መድረኮች የታሪክ ምሁራን፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ጠበቆችና አጫራቾች አብረው ይቀመጣሉ፡፡

ዕውቀት ዋጋ የሚሆንበት መንገድ ቀላል ነው፡፡ ዘመኑም ሠዓሊውም ያልታወቀ የእንጨት ሥዕል በገበያ ላይ ከመታሰቢያ ዕቃ እምብዛም አይለይም፡፡ አንድ ምሁር ሥዕሉ የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ስልት ነው ብሎ በጉባኤ ላይ ካስረዳና ጽሑፉ ከታተመ ግን ያው ሥዕል ዘመን፣ ስምና ወገን ያገኛል፡፡ የጨረታ ቤቱ መግለጫ ይህንኑ ጽሑፍ ይጠቅሳል፤ ገዥውም በዚያው ልክ ይከፍላል፡፡ ምሁሩ ከሽያጩ ሳንቲም ሳይደርሰው የሻጩን ሥራ ሠርቶለታል ማለት ይቻላል፡፡ ይሁን እንጂ ይኸው ጽሑፍ ለባለቤቱም የሚያገለግልበት መንገድ አለ፡፡ ዕቃው በዚህ ዓመት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ ታይቷል ብሎ ከመሰከረ ለሌባው ከመቆለፊያ የባሰ እንቅፋት ይሆንበታል፡፡ አንዱ ጽሑፍ ለየትኛው ወገን ይሠራል የሚለውን የሚወስነው በመጀመሪያ ማን እጅ መድረሱ ነው፡፡

የኢትዮጵያ ቅርስ በዓለም ገበያ የወጣበት ትልቁ ቀን ሚያዝያ 1860 ዓ.ም እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወሰደ፡፡ በዚያም ለሁለት ቀናት ጨረታ ተካሄደ፡፡ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆምስ ገንዘብ ይዞ በቦታው ስለነበር ከገዥዎቹ ዋነኛው ሆነ፡፡ የተገኘው ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ፓውንድም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ፡፡ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፡፡ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ከመጻሕፍቱ አብዛኞቹ የመቅደላ ተወላጆች አለመሆናቸው ነው፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያናቸው ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው ነበሩ፡፡ ስለዚህ የመቅደላ ጉዳይ ለጎንደርና ለአካባቢው የሩቅ ወሬ አይደለም፡፡ የጎንደር ነገሥታት ለዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይሄዱ የነበረው ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕልም በሆምስ እጅ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ በ1917 እና በ1950 በለንደን ጨረታ ተሽጦ ወደ ፖርቱጋል ተሻግሯል፡፡

የሰሜን ተራሮች መንገድ ራሱ ከመቅደላ በፊትም የቅርስ መንገድ ነበር፡፡ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነስቶ ሊማሊሞን ወጥቶ እ.ኤ.አ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ፡፡ ከአገር ይዟቸው ከወጣቸው መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል፡፡ ስብስቡን ኦክስፎርድ የሚገኘው ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ በ1843 ገዝቶታል፡፡ ከብሩስ በኋላ የመጣው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ በ1832 በሰሜን ተቀመጠ፡፡ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው፡፡ የእንስሳቱን ናሙና ወደ ፍራንክፈርት ሙዚየም፣ የብራና መጻሕፍቱን ደግሞ ወደዚያው ከተማ ቤተ መጻሕፍት አስገባ፡፡ እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይጠቅማል፡፡ በተፈጥሮ ሳይንስ ሥርዓት የተገኘበት ቦታና ጊዜ ያልተጻፈበት ናሙና ዋጋው ዝቅተኛ ነው፡፡ በጥንታዊ ዕቃ ንግድ ግን የተገኘበት ቦታ ያልተጻፈበት ብራና ይሸጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ቦታው ያልተጻፈው ሆን ተብሎ ነው፡፡

እ.ኤ.አ በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጅቡቲ የፈረንሳይ ሚሲዮን ጎንደር ላይ ለወራት ሰንብቷል፡፡ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች አንስቶ በምትካቸው የሚሲዮኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ ያዘጋጃቸውን ቅጂዎች አስቀምጧል፡፡ ዋናዎቹ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው፡፡ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ በ2025 ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን ሚሲዮኑ ዕቃዎቹን እንዴት እንዳገኘ መልሶ የሚመረምር ዐውደ ርእይ አቅርቧል፡፡ ምርመራው የተቻለው የሚሲዮኑ አባላት የገዙትን፣ የወሰዱትንና የከፈሉትን በማስታወሻ መዝግበው ስለነበር ነው፡፡ ወሳጁ የጻፈው መዝገብ ከዘጠና ዓመት በኋላ ለባለቤቱ ምስክር ሆነ፡፡ የሰጪው ወገን መዝገብ ቢኖር ኖሮ ምስክርነቱ ምን ያህል በጠነከረ ነበር የሚያሰኝ ነው፡፡

የወጣውን ቅርስ በገንዘብ መመለስ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ደግሞ በየጉባኤው የሚነሳ ነው፡፡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉት በርካታ ሥዕሎችና መስቀሎች የተገኙት በግዥ ነው፡፡ የሙዚየሙ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪና የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ዕቃዎቹ በነጋዴዎች እጅ ከአገር እንዳይወጡ ገንዘብ እያሰባሰቡ ይገዙ ነበር፡፡ ያ ገንዘብ ባይወጣ ኖሮ ከእነዚያ ሥዕሎች ብዙዎቹ ዛሬ በግለሰቦች ሳሎን ይገኙ እንደነበር መገመት አያዳግትም፡፡ በሌላ በኩል ገዥ መኖሩን ያወቀ ነጋዴ ሌላ ዕቃ ለማምጣት መበርታቱ አይቀርም፡፡

በውጭ አገር ጨረታዎች ላይ የታየው አካሄድ ሁለቱን ለማስታረቅ የሞከረ ይመስላል፡፡ እ.ኤ.አ በሰኔ 2021 በእንግሊዝ ዶርሴት የሚገኝ አጫራች ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎችን ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ዕቃዎቹ ከጨረታው እንዲወጡ ጠየቀ፤ ወጡም፡፡ ቀጥሎ የሸሄራዛድ ፋውንዴሽን ዕቃዎቹን ከሌሎች ጋር ገዝቶ አስረከበ፡፡ እ.ኤ.አ በ2024 በኒውካስል ለጨረታ የቀረበ የመቅደላ ጋሻም እንዲሁ ከሽያጭ ወጥቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አካባቢ አዲስ አበባ ገብቷል፡፡ በሁለቱም ጊዜ መንግሥት የራሴ ነው የሚለውን ንብረት በገንዘቡ አልገዛም፤ የከፈለው ሌላ ወገን ነው፡፡ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ በ2018 በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጣችሁ ሲል የኢትዮጵያ ወገን አቋም ሙሉ በሙሉ ይመለስ የሚል መሆኑም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፡፡ የራስን ንብረት መዋስ ባለቤትነትን ለተዋሹ ሳይሆን ለአዋሹ ማጽደቅ ነውና፡፡

እነዚህ ጉዳዮች የተሳኩት ግን ጠያቂው ስለበረታ ብቻ አይደለም፡፡ መቅደላ በመላው ዓለም የተመዘገበ ዘረፋ ስለሆነ ነው፡፡ ሻጩ ራሱ ዕቃው ከመቅደላ የመጣ ነው ብሎ በመግለጫው ላይ የጻፈው ዋጋው ከፍ እንዲል ነበር፡፡ ከአንድ የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ባለፈው ዓመት የወጣ ዳዊት ግን እንዲህ ያለ ስም አይጠራለትም፡፡

ሕጉ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፡፡ የባህል ንብረቶችን ሕገ ወጥ ዝውውር ለመከላከል የወጣውን የ1970ውን የዩኔስኮ ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2003 አጽድቃለች፡፡ የስምምነቱ አንቀጽ 7 አባል አገሮች ከሙዚየም፣ ከሃይማኖታዊ ስፍራ ወይም ከመሰል ተቋም የተሰረቀ ንብረት ወደ አገራቸው እንዳይገባ እንዲከለክሉና በጥያቄ እንዲመልሱ ያዛል፡፡ ነገር ግን አንድ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ንብረቱ በተሰረቀበት ተቋም የንብረት መዝገብ ውስጥ የሰፈረ መሆኑ በሰነድ መረጋገጥ አለበት፡፡ በተጨማሪም ጠያቂው አገር በቅን ልቦና ለገዛው ሰው ተገቢውን ካሳ እንዲከፍል ይጠይቃል፡፡ ስምምነቱ ወደኋላ ተመልሶ የማይሠራ መሆኑን ስንጨምርበት ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል፡፡ ለመቅደላ የሚያገለግለው የሞራልና የታሪክ ክርክር ነው፤ ለዛሬው ስርቆት የሚያገለግለው የንብረት መዝገብ ነው፡፡ መዝገቡ ከሌለ የሚቀርበው ጥያቄ ልመና ከመሆን አያልፍም፡፡

እ.ኤ.አ በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል ቤልጂየም ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ፣ ካሳ ተከፍሎ ተመልሷል፡፡ ያን መስቀል ምዕመናንና ጎብኚዎች ያውቁታል፤ ፎቶግራፉም በየመጽሐፉ ታትሟልና የማን ነው የሚል ክርክር ሊነሳ አልቻለም፡፡ በሰሜን ቆላና ደጋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ መስቀሎች ሁሉ እንዲህ ያለ ዝና የላቸውም፤ ዝናቸውን የሚተካው ቅጽ ነው፡፡

የአገር ውስጡ ሕግ ጎደሎ አይደለም፡፡ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በባለቤትነት የያዘ ማንኛውም ሰው እንዲያስመዘግብ፣ ከአገር የሚወጣውም ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥና ለዐውደ ርእይ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል፡፡ ቀጥሎም ቅርሶችን በብሔራዊና በክልላዊ ደረጃ የሚመድብ አዋጅ ወጥቷል፡፡ የሚጎድለው አፈጻጸሙ በወረዳ ደረጃ የሚወስደው የሰው ጉልበት ነው፡፡ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ማየት ተገቢ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1997 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ የመለያ መስፈርት የሚጠይቀው ፎቶግራፍ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ልክ፣ የተሠራበት ነገር፣ ጽሕፈት፣ ልዩ ምልክትና ዕድሜ ነው፡፡ ኢንተርፖል በተሰረቁ የጥበብ ሥራዎች ቋቱ ውስጥ ዕቃ የሚያስገባውም እንዲህ ያለ መግለጫ ሲቀርብለት ነው፡፡ ለብራና መጽሐፍ ደግሞ የቅጠሉ ብዛት፣ የጥራዙ ቁጥር፣ የድጉሱ ሁኔታ፣ ማኅደር ያለው እንደሆነ፣ ሐረጉና ሥዕሉ የሚገኝበት ገጽ ይጨመራል፡፡ ልዩ ምልክት ሲባል የጌጥ ነገር አይደለም፤ የሰም ጠብታ፣ የአይጥ ጉርሻና በክር የተሰፋ ቀዳዳ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ ሁለት መጽሐፍ አንድ ዓይነት ቀዳዳ የለውምና፡፡

የቀደሙት ጸሐፍት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፡፡ በመጽሐፉ መጨረሻ ያጻፈው ሰው፣ የተሰጠበት ታቦትና ዘመኑ ይጻፋል፤ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃልም ይታከልበታል፡፡ የዛሬው ሌባ በመጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ ገጽ ነው፡፡ ስሙን ይፍቃል ወይም ቅጠሉን ይነቅላል፡፡ ሌላው ዘዴ መጽሐፉን አፍርሶ ሥዕል ያለበትን ቅጠል ለየብቻ በኢንተርኔት መሸጥ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ2022 ከትግራይ ጦርነት ጋር በተያያዘ ወጥተዋል የተባሉ ንዋያተ ቅድሳት በኢንተርኔት ጨረታ በጥቂት መቶ ፓውንድ ሲሸጡ መታየታቸው በውጭ ጋዜጦች ተዘግቧል፡፡ ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም መገባደጃ የዳባት ወረዳ ቀበሌዎችንም ደርሶ በጭና የብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል፡፡ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ደግሞ የባለሙያን እንቅስቃሴ አስቸጋሪ አድርጎታል፡፡ የሰው ሕይወት በሚጠፋበት ጊዜ ስለ መጽሐፍ ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል፡፡ ሆኖም ዕቃ ቤት የሚዘረፈው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ መመዝገብ የነበረበት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው፡፡

የቄሰ ገበዙ ሥጋትም በቀላሉ የሚታይ አይደለም፡፡ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ፎቶግራፍ ከተነሳ በኋላ የሌባ ዓይን ያርፍበታል የሚል ፍርሃት በብዙ አጥቢያ አለ፡፡ ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፡፡ የትኛው ሥዕል በየትኛው ደብር እንደሚገኝ በጉባኤ መጽሔት ላይ ከነፎቶው ማውጣት ለገበያው የዕቃ ዝርዝር እንደማቅረብ ሊቆጠር ይችላል፡፡ መፍትሔው ግን አለመመዝገብ አይደለም፤ ማን ምን እንደሚያይ መለየት ነው፡፡ የተሟላው መዝገብ በቤተ ክርስቲያኒቱ፣ በወረዳውና በቅርስ ባለሥልጣን ተቆልፎ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ለሕትመት የሚወጣው ጥናት ቦታውን ሳይጠቁም ሊቀርብ ይችላል፡፡ ለጥናት የሚመጣ ማንኛውም ባለሙያ ያነሳውን ፎቶግራፍ ቅጂ ለደብሩና ለወረዳው ሳያስረክብ የማይሄድበት አሠራርም ቢሆን ከፈቃድ ደብዳቤው ጋር በአንድ መስመር ሊገባ የሚችል ነው፡፡

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል፡፡ ፓርኩ ከላሊበላ ጋር እ.ኤ.አ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ፖላንድ ክራኮው በተካሄደው ስብሰባ ወጥቷል፡፡ ከመዝገቡ ያስወጣው የተራራው ውበት አልነበረም፤ ውበቱማ በ1996ም ነበረ፡፡ ያስወጣው በየጊዜው የተካሄደው የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቆጠራ፣ የድንበር ማካለሉና ሌላው በሪፖርት የቀረበ ሥራ ነው፡፡ የአካባቢው ሕዝብም ከፍሎበታል፤ ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል፡፡

ይሁንና ፓርኩ የተመዘገበው በተፈጥሮ መስፈርት ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፡፡ በዓለም ቅርስነቱ ስም የሚመጣ ድጋፍ ዋልያውን እንጂ ደረስጌን አይቆጥርም፡፡ ደባርቅ ላይ አስጎብኚ፣ ስካውትና ጭነኛ ቀጥሮ ወደ ሳንቃበር የሚወጣው ጎብኚ የሚከፍለው ክፍያም የአብያተ ክርስቲያናቱን ዕቃ ቤት ታስቦ የተተመነ አይደለም፡፡ በአንድ ተራራ ላይ ያለ ቅርስ በሁለት በጀት፣ በሁለት መሥሪያ ቤትና በሁለት ዓይነት ጥንቃቄ የሚያዝ ከሆነ በደከመው በኩል መፍሰሱ አይቀርም፡፡

በዚህ ረገድ በ2010 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው መኖሩ ቀድሞ ያልነበረ ዕድል ነው፡፡ የዩኒቨርሲቲ ጉባኤ የሚለካው ባመጣቸው እንግዶች ብዛት መሆኑ ቀርቶ ባስረከባቸው መዝገቦች ብዛት ቢሆን፣ አንድ የታሪክ ክፍል ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የአንድ ደብር ዕቃ ቤት መዝግቦ ሦስት ቅጂ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ከባድ አይሆንም፡፡ የሚያስፈልገው የፎቶግራፍ ካሜራ፣ ሜትር፣ የልኬት መለያ ካርድ፣ የቄሰ ገበዙ ፈቃድና የጸጥታው ሁኔታ ሲፈቅድ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ በየዳና ወደ ጠለምት የሚያደርስ በቅሎ ነው፡፡ ወጪው በዶርሴት ለአንድ መጽሐፍ ከሚጠየቀው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ለበጀት ሰሚ የሚያስጨንቅ አይደለም፡፡